ስለ መጀመሪያዋ ሳምንት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የቀድሞ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ይህን መድረክ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪውን ተቀብሎ፣ ሥራ ይዞ፣ ስሙ ተጠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። እኔ ግን ገና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ያውም አንደኛውን ዓመት በማስጠንቀቂያ ያለፍሁ። ይህንኑ ለዲሬክተራችን ብነግራቸው፣ «እንግዲያውስ እሱን ንገሪያቸው፤ የተሳካለትማ ሁልጊዜ ይነግራቸዋል» አሉኝ። ስለዚህ የምናገረው ስለዚያ ዓመት፣ በተለይም ስለ መጀመሪያዋ ሳምንት ነው።

አዲስ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚደረግለት አቀባበልና ገለጻ አለ። ተማሪው ሁሉ «ኦሬንቴሽን» ስለሚለው እኔም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ። ብዙ ሰው ይህን ነገር ቢቀሩበት ምንም የማያጐድል የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግር አድርጎ ያየዋል። እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር።

በቀድሞው ዘመን ምናልባት ነገሩ ቀለል ያለ ሳይሆን አልቀረም። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ካህን በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት ተማሪዎቹ እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ስለዚህም ሰው ከሰው ለመተዋወቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሞ የስድስት ኪሎው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሲሰጥ እንኳ ቍጥሩ ከዛሬው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን በአንድ ዓመት በሺህ የሚቈጠር አዲስ ተማሪ ይቀበላል። ምደባውም በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ስለሚደረግ፣ የጐንደር ልጅ ወደ ጂንካ፣ የጅማ ልጅ ወደ ደብረ ብርሃን ሊደርሰው ይችላል። አገሩን አያውቀውም፤ ዘመድ የለውም፤ አንዳንዴም የከተማውን ቋንቋ አይሰማም።

የትምህርቱም አቀማመጥ ሲለዋወጥ ቆይቷል። ፍሬሽማን የሚባለው የአንደኛ ዓመት ጠቅላላ ትምህርት በ1996 ዓ.ም. ገደማ ቀርቶ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል መሰናዶ ተተክቶ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. እንደ ገና ተመለሰ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በብሔራዊው ፈተና ግማሹን ነጥብ ላላገኙ ሬሜዲያል የሚባል ማካካሻ ትምህርት ተጀምሯል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት በወጣ ጊዜ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ይህን የመሰለ ወንፊት አልፎ የሄደ ልጅ ታዲያ ከባዱን ነገር የጨረሰ ይመስለዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። የተመደብሁበት ዩኒቨርሲቲ ከቤታችን የሁለት ቀን መንገድ ነው። የጥሪው ማስታወቂያ የምዝገባውን ቀናት ከገለጸ በኋላ፣ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዛችሁ ቅረቡ ይላል። ስለ ኦሬንቴሽኑ ከታች አንዲት መስመር ነበረች። አባቴ ለመሳፈሪያና ለብርድ ልብስ የሚሆነውን ገንዘብ የሚያገኙት በግ ሸጠው ነው፤ ገበያው ደግሞ ቅዳሜ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የተመለሰ አንድ የጐረቤት ልጅ፣ «የመጀመሪያው ሳምንት ወሬ ነው እንጂ ትምህርት የለም፤ ምን አስቸኰላችሁ?» አለን። እኛም አመንነው። በጉ ቅዳሜ ተሸጠ፤ ሰኞ ተሳፈርሁ፤ ማክሰኞ ማታ ደረስሁ፤ ረቡዕ በቅጣት ተመዘገብሁ። ኦሬንቴሽኑ ዓርብ ዕለት ተደርጎ አልቋል።

በዚያን ጊዜ ምንም የቀረብኝ አልመሰለኝም። ዶርም ተሰጠኝ፤ የካፌ መታወቂያ አገኘሁ፤ ክፍል ገባሁ። አንድ ነገር ብቻ ትዝ ይለኛል። የዶርማችን በር ላይ ክፍሉን የማጽዳት ተራ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። አምስት ስም አለበት፤ ስድስተኛዋ እኔ የለሁበትም። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ እኔ ሳልኖር ስለ ተጻፈ ነው። እነሱ አብረው ተሰልፈው፣ አብረው ጠፍተው፣ አብረው ስቀው በአራት ቀን ውስጥ እኅትማማቾች ሆነዋል። ስሜን ራሴ ልጨምር ብዬ አፈርሁ፤ እስኪጨምሩኝም ጠበቅሁ። ዛሬ ሳስበው ያን ዓመት በሙሉ የኖርሁት እንደዚያው ነው፤ ሰው እስኪጠይቀኝ እየጠበቅሁ።

በስምንተኛው ሳምንት ላይ ወባ ያዘኝ። ክሊኒኩ ሦስት ቀን አስተኛኝ፤ በዚያው መካከል የሎጂክ የአጋማሽ ፈተና አመለጠኝ። በሕመም ምክንያት ፈተና ያመለጠው ተማሪ የክሊኒኩን ወረቀት በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ለትምህርት ክፍሉ ካቀረበ ሌላ ፈተና ይሰጠዋል። ደንቡ ግልጥ ነው፤ በኦሬንቴሽኑም ቀን ተነግሯል። እኔ ግን አልሰማሁም። መምህሩን ቀርቤ ለመጠየቅም ድፍረት አጣሁ፤ እዚህ ትምህርት ቤት መምህር ስንቀር ይጠይቀናል እንጂ እኛ ሄደን ቢሮ አናንኳኳም ነበርና። ወረቀቷን አጣጥፌ በደብተሬ ውስጥ አኖርኋት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሬን ለማየት የወሰደች አንዲት የዶርም ጓደኛዬ ወረቀቷን አውጥታ፣ «ይህን እስከ ዛሬ አልሰጠሽም እንዴ?» አለችኝ። አነጋገሯ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። እሷ ያወቀችው ከእኔ ስለምትበልጥ አልነበረም፤ ዓርብ ዕለት በዚያ አዳራሽ ስለ ተቀመጠች ብቻ ነው። በማግሥቱ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄድሁ። ጊዜው አልፏል ተባልሁ።

የነጥቡ አቈጣጠር ለወላጆች እንዲገባ ባጭሩ ላስረዳ። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ደግሞ ባዶ ነው። ይህ በትምህርቱ ክሬዲት ይባዛና ተደምሮ ለክሬዲቱ ድምር ይካፈላል። ነጥብ የሚታሰብባቸው አምስት ትምህርቶች ነበሩኝ፤ ሁሉም ባለ ሦስት ክሬዲት ናቸው። በሳይኮሎጂ ቢ፣ በእንግሊዝኛና በጂኦግራፊ ሲ፣ በሒሳብ ዲ፣ በሎጂክ ኤፍ አገኘሁ። ድምሩ 24 ነው፤ ለ15 ሲካፈል 1.60 ይመጣል። ሎጂኩ ሲ ቢሆን ኖሮ 30 ለ15፣ ማለት 2.00 ይሆንልኝ ነበር። በሒሳብ ዲ ያገኘሁት በራሴ ስንፍና ነው፤ እሱን በማንም አላመካኝም። የሎጂኩ ኤፍ ግን የዚያች የታጠፈች ወረቀት ውጤት ነው። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤም በዚሁ መጣ።

ሎጂክን በኋላ ደግሜ ተምሬ አለፍሁ። ነገር ግን ተማሪ ወደሚፈልገው የትምህርት ክፍል የሚመደበው በአንደኛ ዓመት ነጥቡ ጭምር ነው። እኔ ከዚህ ስወጣ ሕግ ለመማር አስቤ እንደ ነበር መምህሮቼ ያውቃሉ። የምማረው ግን ታሪክ ነው። አሁን ወድጄዋለሁ፤ ሆኖም የተረፈኝ ነው እንጂ የመረጥሁት አይደለም።

ከእኔ ይልቅ ግን የሚያሳዝነኝ የሌላዋ የዶርም ጓደኛችን ነገር ነው። እሷ በሰዓቱ መጥታ፣ ኦሬንቴሽኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጣ ሰምታለች። ከመንደሯ ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ እሷ ነች። ጐረቤት ተጠርቶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ገንዘብ ተዋጥቶ ነው የተሸኘችው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲፈስባት መከታተል አቃታት፤ መጀመሪያ ቁርስ መውረድ ተወች፤ ቀጥላ ክፍል መግባት ተወች። እኛም አየን፤ ዝም አልን፤ በሰው ነገር ምን አገባን ብለን። በአሥራ አንደኛው ሳምንት አንድ ቀን ጧት ስንነሣ ፍራሿ ባዶውን ነበር። አንሶላዋን ጠቅልላ ሄዳለች።

መቸገር፣ መታመም፣ መሰልቸት ያለ ነገር ነው፤ ዩኒቨርሲቲም ይህን ያውቃል። ተማሪ ትምህርቱን ለጊዜው ማቋረጥ ቢፈልግ ከሬጅስትራር ፎርም ሞልቶ፣ የወሰደውን ንብረት አስረክቦ፣ ክሊራንስ ይዞ ይሄዳል፤ በኋላም ተመልሶ ለመቀጠል ይጠይቃል። ዝም ብሎ የሄደ ግን ፈተና እንዳልተፈተነ ተቈጥሮ በሁሉም ትምህርት ኤፍ ይመዘገብበታል። ፎርሟ አንድ ገጽ ነበረች። ጓደኛዬን ከዓመት በኋላ በስልክ አግኝቼ፣ «ይህን ነገር በኦሬንቴሽኑ ቀን አልነገሯችሁም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «ነግረውናል፤ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ለእኔ የተነገረ አልመሰለኝም» አለችኝ።

ይህ መልስ ብዙ አሳሰበኝ። በዚያ ቀን ከተቀመጡት ሁሉ አቋርጬ እሄዳለሁ ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ሁሉም አሸናፊ ነው፤ ሁሉም አዲስ ልብስ ለብሷል። እንግዲህ ኦሬንቴሽን ተማሪውን ይረዳል ስል እንዲያው ተደረገ ለማለት ያህል የሚደረገውን ማለቴ አይደለም።

በሁለተኛ ዓመቴ አዲስ ተማሪዎችን ለመቀበል በፈቃደኝነት ተመዘገብሁ። ሦስት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያው ቆሜ ሻንጣ ተሸከምሁ። አንዱ ልጅ ከነብርድ ልብሱ የእናቱን ቆሎ በትልቅ ጆንያ ይዞ መጥቶ፣ በሩ ላይ ሲፈተሽ ግማሹን ለዘበኞቹ አካፈለ። ሌላው ከሲኒየሮች የ«ላይብረሪ ትኬት» በ50 ብር ገዝቶ ኖሮ ትኬቱን ይዞ መጻሕፍት ቤት በር ላይ ቆመ፤ ላይብረሪ ለመግባት ትኬት እንደማያስፈልግ ሲነገረው ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። በእነዚያ ሦስት ቀናት አንድም ተማሪ ስለ ነጥብ አቈጣጠር አልጠየቀኝም። የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ ውኃ መቼ ይመጣል? መጸዳጃው የት ነው? ገንዘቤን የት ላስቀምጥ? በጾም ቀን ምን ይበላል? የሚሰገድበት ቦታ አለ? ማታ ወደ ላይብረሪ መሄድ ለሴት ያሰጋል? እነዚህ ናቸው ጥያቄዎቻቸው።

በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደ አዳራሹ ገቡ። ድምፅ ማጉያው ያፏጫል፤ ከኋላ ያለው አይሰማም፤ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው። ኃላፊዎች አንድ በአንድ እየተነሡ የየቢሮአቸውን ሥራ ዘረዘሩ። ስለ ወጪ መጋራት ውልም ተነገረ፤ እሱን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፣ ሲመረቁ የሚከፈል ዕዳ ነውና። የሕመም ወረቀቱም፣ የማቋረጫው ፎርምም በዚያው ዝርዝር ውስጥ አለፉ። በጐኔ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን ትነካካ ነበር። አልፈረድሁባትም።

በበኩሌ ከዚያ የተማርሁት ይህን ነው። የመጀመሪያው ቀን ለውኃው፣ ለምግቡ፣ ለጸጥታውና ለመተዋወቁ ይሁን፤ በቂው ነው። ደንቡ ግን ደንቡ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ማለት በአራተኛውና በስምንተኛው ሳምንት፣ በትንሽ ቡድን ሆኖ እንደ ገና መነገር አለበት። አንድ ከፍ ያለ ተማሪ ለአሥር አዲስ ተማሪዎች ቢመደብና በሳምንት አንዴ ሻይ ቢጠጣ፣ ማን ቁርስ መውረድ እንደ ተወ ያውቃል። ለአሥር ሰው ይህ ብዙ ሥራ አይደለም።

ይህ አሳብ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ አገር በሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970 ተማሪዎች ተቈጥተው የአስተዳደሩን ሕንፃ ወረሩት። ፕሬዚዳንቱ ቶማስ ጆንስ ነገሩ ከበረደ በኋላ ተማሪው ለምን እንደዚህ ባዕድ ሆነብን ብለው መከሩና፣ እ.ኤ.አ. በ1972 «ዩኒቨርሲቲ 101» የተባለ ትምህርት እንዲጀመር አደረጉ። አዲስ ተማሪዎች በትንንሽ ክፍል ሆነው ከአንድ መምህር ጋር መንፈቀ ዓመቱን በሙሉ ስለ ዩኒቨርሲቲው ኑሮ የሚነጋገሩበት ነው፤ እስከ ዛሬም አለ፤ ብዙዎች ከእሱ ወስደዋል። እንዲሁም ቪንሰንት ቲንቶ የሚባሉ የዚያው አገር የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተማሪ ትምህርቱን የሚተወው በችሎታ ማነስ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከመምህሩና ከጓደኞቹ ጋር ሳይተሳሰር መቅረቱም እንደሚያስወጣው አስረድተዋል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በበሩ ላይ የተለጠፈችው የጽዳት ተራ ወረቀት ትዝ አለችኝ።

አሁን ወደ ወላጆች ልዙር። አባቶቼና እናቶቼ፣ ልጁን ወደ ሩቅ አገር መስደድ እንደሚያስፈራችሁ አውቃለሁ፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሁከት ተነሥቶ የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል። ነገር ግን ልጁን ማዘግየት ከአደጋ አያድነውም፤ አደጋ ሲመጣ ማንን እንደሚጠራ፣ የት እንደሚሄድ የሚነገረው በዚያችው ሳምንት ነውና።

አባቴ እዚያ ከኋላ ተቀምጠዋል። የማስጠንቀቂያውን ነገር የነገርኋቸው ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ምነው ያኔ ብትነግሪኝ፤ ከዕድሩ ተበድሬ ሐሙስ አሳፍርሽ አልነበረም?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሐሙስ መድረስ እንደሚያስፈልግ ራሴም አላውቅም ነበር። ማንም ያልነገረንን ነገር ሁለታችንም አላወቅንም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ። ልጃችሁን ስትሸኙ «ሳትመረቅ ዓይንህን እንዳላይ» አትበሉ። ለማበረታታት እንደምትሉት እናውቃለን። ያቺ ጓደኛዬ ግን በስልክ እንዳጫወተችኝ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ቤቷ ለመግባት አራት ወር ፈጅቶባታል፤ በመካከሉ በአንድ ከተማ ምግብ ቤት ሰሐን እያጠበች ቆየች። ለእናቷ በየሳምንቱ እየደወለች «ትምህርት ጥሩ ነው» ትል ነበር። ያን ሁሉ ጠላ የጠጣ ሰው ፊት ባዶ እጇን ለመቆም አልቻለችም። እናቷ በመጨረሻ ሲያገኟት አልተቈጧትም፤ አለቀሱ እንጂ። መጥቶ ማልቀስ እንደሚቻል አስቀድማ ብታውቅ ኖሮ ፎርሟን ሞልታ ትመጣ ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። በተጠራችሁበት ቀን ድረሱ። የደንቡን መጽሐፍ ካልሰጧችሁ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ከሌለ በስልካችሁ አንሡት። አድቫይዘራችሁ ማን እንደ ሆነ፣ ቢሮው የት እንደ ሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ሄዳችሁ እዩ፤ የምትጠይቁት ነገር ባይኖራችሁም ስማችሁን ንገሩት፤ ሁለተኛ ጊዜ ስትሄዱ በሩ ይቀላችኋል። እንግሊዝኛው ካልገባችሁ ያልገባው ሌላም ሰው በአጠገባችሁ አለ። በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ስማችሁ ከሌለ ደግሞ ስክሪብቶ አንሡና ጨምሩበት።

ለመምህሮቼና ለዲሬክተራችን አንድ አሳብ አቅርቤ ተቀብለውኛል። ምደባው በየዓመቱ በወጣ በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ተማሪዎች፣ በአካል የሚችሉት በአካል፣ የሩቆቹ በስልክ፣ አዲሶቹን ያነጋግራሉ። እስካሁን ሰባት ሰዎች ቃል ገብተውልናል። ደንብ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይናገራል።

የእኛን የደንብ መጽሐፍ ይዤ መጥቻለሁ። ከዚህ ስብሰባ በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ መጻሕፍት ቤት እቀመጣለሁ። በሩ ላይ ባዶ ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ ስማችሁን ጻፉበት። የመጀመሪያውን መስመር እኔ ሞልቼዋለሁ።